የስፓም ማጣሪያ ክፍያ በ«ይለግሱ» ቁልፍ አይለካ

የአንድ ትንሽ የበጎ ፈቃደኞች ማኅበር ድረ ገጽ አስተዳድራለሁ። ደመወዝ የለውም፤ ማታ ማታ ከሥራ መልስ የምሠራው ነው። አንድ ቀን ከምንጠቀምበት የስፓም ማጣሪያ፣ ማለትም ማንም ያልጠየቃቸውን የማስታወቂያና የማጭበርበሪያ መልእክቶች ከሚያግድልን አገልግሎት፣ ኢሜይል መጣ። ገጻችሁ የንግድ ስለሆነ መክፈል አለባችሁ ይላል። ምን ሸጠን? ምንም። ገጹ ላይ «ይለግሱ» የሚል ቁልፍ አለ። በቃ፣ ነጋዴ ያደረገን እሱ ነው።

በጣም ተናደድኩ። ቆይቼ ሳስበው ግን የከነከነኝ ክፍያው ራሱ እንዳልሆነ ገባኝ። ማጣሪያ ወጪ አለው። እያንዳንዱ መልእክት ወደ ሰርቨር ሄዶ ይመረመራል። ስፓም ላኪዎቹ ደግሞ ዘዴ ይቀያይራሉ፤ ስለዚህ ማጣሪያው አንዴ ተሠርቶ የሚቀመጥ ዕቃ አይደለም። የሚሠሩት ሰዎችም መኖር አለባቸው። ሁሉም ነገር በነጻ ይሁን አልልም። ክፍያው በምን ይለካ ነው ጥያቄዬ።

ስፓም ታዋቂ ገጽ መርጦ አይመጣም። ስፓሙን በራሳቸው የሚልኩት ፕሮግራሞች፣ ቦቶቹ፣ ክፍት ፎርም ካገኙ ሊንካቸውን ጥለው ይሄዳሉ፤ አንዱ ዓላማቸው በፍለጋ ውጤት ከፍ ማለት ነው። ጉግል፣ ያሁ እና ኤምኤስኤን እ.ኤ.አ. በ2005 «ኖፎሎው» የተባለውን፣ የፍለጋ ሞተር ሊንኩን ለደረጃ እንዳይቆጥረው የሚነግረውን ምልክት የደገፉት ይህን ጥቅም ለማሳጣት ነበር። ስፓሙ ግን አልቆመም። ለመላክ የሚወጣው ወጪ ከምንም አይቆጠርማ! ሸክሙ ያለው ተቀባዩ ላይ ነው።

አሁን ብዙ ሰው ልብ ወደማይለው ነገር ልምጣ። ማጣሪያው ከማን ነው የሚማረው? እኔ አንድ መልእክት ላይ «ስፓም ነው» ብዬ ምልክት ሳደርግ፣ ወይም በስህተት የታገደ የእውነተኛ ሰው መልእክት ሳስለቅቅ፣ ያ ውሳኔዬ ወደ ማጣሪያው ተመልሶ ይሄዳል። ነገ ተመሳሳይ መልእክት ወደ አንድ ትልቅ ኩባንያ ገጽ ሲመጣ በር ላይ ይያዛል። ኩባንያው ገንዘብ የሚከፍልበት ጥራት በከፊል የእኔና የመሰሎቼ ምሽት ነው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ እንደሚባለው፣ ሸክሙን የምንካፈለው ብዙ ነን። ታዲያ ተሸካሚውን እንደ ተራ ገዢ ብቻ ማየት ልክ አይደለም።

እንዲህ ያለ የማይታይ ክፍያ የቆየ ነው። ጎብኚው ሰው ይሁን ቦት የሚለየው ሪካፕቻ የተባለ መሣሪያ እ.ኤ.አ. በ2007 ከካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ ሲወጣ፣ ጎብኚዎች ሰው መሆናቸውን ለማሳየት የሚጽፏቸው ቃላት ኮምፒውተር ማንበብ ያቃተው የድሮ ጽሑፍ ቃላት ነበሩ። የኒው ዮርክ ታይምስ የቆዩ እትሞች ወደ ዲጂታል የተቀየሩት በዚህ ጉልበት እገዛ ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 ጉግል ሪካፕቻን ገዛው። ለባለ ገጾቹ ነጻ ነበር፤ ጎብኚዎቹ ግን በዓይናቸውና በጣታቸው ከፍለዋል። የድሮ ጋዜጣ ማዳኑን እወደዋለሁ። የሚያሳስበኝ ጎብኚው በግል ምስጢሩ የሚከፍልበት ነጻ መሣሪያ ነው። ቤቷ ውስጥ ጥቃት የደረሰባት ሴት እርዳታ የምትጠይቅበትን ፎርም አስቡት። ገንዘብ የሌለው ማኅበር የእሷን እንቅስቃሴ ለሚከታተል መሣሪያ በሩን መክፈት የለበትም። ከዚያስ በግልጽ የተነገረ ዋጋ ይሻላል።

እኔ የምለው ክፍያው በአገልግሎቱ መጠን ይሁን ነው። የሚቻል ነገር ነው። የስፓም ምንጮችን የሚመዘግበው ስፓምሃውስ የማገጃ ዝርዝሮቹን ለንግድ ላልሆነና ጥቂት ለሚጠቀም ሰው በነጻ ይሰጣል። አኪዝሜት የተባለው የድረ ገጽ ስፓም ማጣሪያም ለግል ገጾች የቻላችሁትን ክፈሉ ይላል፤ ዜሮም ይቻላል። ይህ መንገድ ይስፋ። በወር እስከተወሰነ መጠን ድረስ ማንም ይሁን ማን፣ የ«ይለግሱ» ቁልፍ ይኑረው አይኑረው፣ በነጻ ይጠቀም። ከዚያ በላይ ይከፈል፤ ለበጎ አድራጎት ደግሞ በቅናሽ።

አንድ ነገር ግን አደራ። የሚቆጠረው ተጣርቶ ያለፈው ትክክለኛ መልእክት ይሁን እንጂ የታገደው ስፓም አይሁን። አለዚያ ባንድ ሌሊት አሥር ሺህ ስፓም የወረደበት ትንሽ ገጽ፣ ስለተጠቃ ብቻ ሂሳብ ይመጣበታል። ይባስ ብሎ ገደቡ አልፏል ተብሎ ማጣሪያው በዚያው ሌሊት ይዘጋበታል። በጣም በሚያስፈልግበት ሰዓት ማለት ነው። ገጹን እየከፋፈለ ነጻውን የሚያጭበረብር አይጠፋም፤ እሱን ለመያዝ ሲባል ግን ሁሉም አይቀጣ።

እኛ መክፈል ስላልቻልን ያንን ማጣሪያ አነሳነው። በምትኩ ፎርሙ ላይ ለሰው የማይታይ ባዶ ቦታ ጨመርኩ፤ ቦት ሳያውቅ ይሞላዋል፣ መልእክቱም ይጣላል። ሞኞቹን ቦቶች ይይዛል። ሌላውን ዛሬም ማታ ማታ በእጄ እሰርዛለሁ። የምሰርዘው ስፓም ግን ከእንግዲህ ለየትኛውም ማጣሪያ ትምህርት አይሆንም።