«የኛ ደጋፊዎች አይደሉም» የምትባለው ማምለጫ

ቡድንህ ሲሸነፍ ያምሃል። ይገባኛል። አርሴናል በተሸነፈ ቁጥር ስልካቸውን የሚያጠፉ፣ ሰኞ ጠዋት ቢሮ አንገታቸውን ደፍተው የሚገቡ ሰዎች አውቃለሁ። እስከዚህ ድረስ ጤና ነው። የማይገባኝ፣ ቡድኔ ተሸነፈ ብሎ ወጥቶ የራሱን ከተማ ሱቅ የሚሰብረው፣ የማያውቀውን የሰፈሩን ሰው መኪና የሚያቃጥለው ነው። ያሸነፈው ቡድን እኮ ዋንጫውን ይዞ አውሮፕላን ተሳፍሯል! በነጋታው መስታወቱን የሚጠርገው ያው የከተማው ሰው ነው።

እንዲህ ያለ ነገር በሰማሁ ቁጥር መጀመሪያ ትዝ የምትለኝ ቫንኩቨር ናት። አዎ፣ የካናዳዋ። እግራቸውን ብትረግጣቸው ራሳቸው ይቅርታ ይጠይቁሃል የሚባልላቸው ሰዎች አገር። ባሕርና ተራራ የከበባት፣ ምርጥ የመኖሪያ ከተሞች ሲባል ስሟ የማይጠፋ ከተማ።

ሰኔ 8 ቀን 2003 ነበር፣ በፈረንጆቹ 2011። (ከዚህ በኋላ የምጠራቸው ዓመቶች ሁሉ የፈረንጆቹ ናቸው።) የከተማዋ የበረዶ ሆኪ ቡድን ካናክስ ወደ ትልቁ ሊግ የገባው በ1970 ነው፤ ዋንጫውን ግን አንድም ቀን አንስቶ አያውቅም። በዚያ ዓመት በመደበኛው ውድድር ከሊጉ ሁሉ አንደኛ ሆኖ ጨረሰና ፍጻሜ ደረሰ። ፍጻሜው ቀድሞ አራት ጨዋታ ላሸነፈ ነው። ካናክስ ቦስተን ብሩይንስን 3 ለ 2 እየመራ፣ አንዲት ድል ብቻ ቀርታው፣ ስድስተኛውን ጨዋታ ቦስተን ሄዶ ተሸነፈ። ሰባተኛውንና የመጨረሻውን ደግሞ በገዛ ሜዳው፣ በገዛ ሕዝቡ ፊት፣ 4 ለ 0 ተቀጣ።

ቲኬት ያላገኘው ሰው የት ነበር? ጎዳና ላይ። ከተማዋ መሀል ጆርጂያ ጎዳና ላይ ግዙፍ ስክሪን ተተክሎ ነበር። በኋላ የወጣው ገለልተኛ ሪፖርት እንደገመተው ወደ 155 ሺህ ሰው መሀል ከተማ ገብቷል። ብዙው በባቡር ነው የመጣው፤ ሲመጣም ጠጥቶ ነው። ባለሥልጣናቱ መጠጥ ቤቶችን ሳይሆን የመጠጥ መሸጫ ሱቆችን ቀደም ብለው ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ አዘግተው ነበር፣ ግን ምን ዋጋ አለው፣ ሰዉ ቦርሳው ውስጥ ይዞት መጥቷል።

ጨዋታው ሊያልቅ ሲል ጠርሙስ ወደ ስክሪኑ መወርወር ተጀመረ። ከዚያ የቦስተን ባንዲራ ተቃጠለ። ቀጥሎ ምን ተቃጠለ? የራሳቸው የካናክስ ባንዲራና ማሊያ። ፖስታ ቤቱ ፊት ለፊት አንድ መኪና ተገለበጠ፣ ከዚያ ሌላው፣ ከዚያ እሳት። የፖሊስ መኪኖችም አልቀሩ። ትልቁ የመደብር ሕንጻ መስታወቱ ረግፎ ዕቃው ተዘረፈ። ፖሊስ ጎዳናውን እስኪያጸዳ ሰዓታት ፈጀ። መጨረሻ ላይ ሲቆጠር 112 ድርጅቶችና 122 ተሽከርካሪዎች ጉዳት ደርሶባቸዋል፣ ኪሳራው ወደ 3.8 ሚሊዮን የካናዳ ዶላር ተጠጋ።

በነጋታው የፖሊስ አዛዡ ጂም ቹ ምን አሉ? ይህን ያደረጉት ወንጀለኞችና አናርኪስቶች (መንግሥት የሚባል ነገር የማይቀበሉ) ናቸው፣ ደጋፊ መስለው የገቡ። ከንቲባውም ነገሩን ወደ ጥቂት በጥባጮች አላከኩት። እፎይ! ከተማዋ ንጹሕ፣ ክለቡ ንጹሕ፣ ደጋፊው ንጹሕ። ከሌላ ቦታ የመጡ ሌሎች ሰዎች ናቸው።

የኔ ጽሑፍ በዚህች አረፍተ ነገር ላይ ነው። ይህቺን ዓረፍተ ነገር የማያውቃት ክለብ የለም። ጥፋቱ ከተፈጸመ በኋላ በማግስቱ ትወጣለች፣ በደብዳቤ ወይም በፌስቡክ ገጽ፦ «የክለባችንን ማሊያ የለበሱ፣ ነገር ግን ደጋፊዎቻችን ያልሆኑ ግለሰቦች…»። እኛም አገር፣ እነሱም አገር። ውሃ የማታነሳ ምክንያት ናት፣ ግን ለሁሉም ስለምትመቸው ማንም አይጠይቃትም።

ቫንኩቨር ግን ተጠየቀች። የጠየቃት ደግሞ ስልክ ነው። በዚያች ምሽት መኪና ከሚያቃጥለው ይልቅ ዙሪያውን ቆሞ የሚቀርጸውና የሚያጨበጭበው ይበልጥ ነበር። እየተቃጠለ ያለ መኪና ፊት ቆሞ፣ እጁን ዘርግቶ፣ ጥርሱን ብልጭ አድርጎ ፎቶ የሚነሳ፣ ያውም ፊቱን እንኳ ሳይሸፍን። ሌባ እንዲህ ያደርጋል? ፎቶው ማታውኑ ፌስቡክ ላይ ወጣ። ፖሊስ ከሕዝቡ የጎረፈለትን ቪዲዮ ሰብስቦ አሜሪካ፣ ኢንዲያናፖሊስ ያለ ላብራቶሪ ወሰደው፤ ከ5,000 ሰዓት በላይ ነው። ፊት በፊት፣ ማሊያ በማሊያ እየለዩ አወጧቸው።

ሲወጡ እነማን ሆነው ተገኙ? ተማሪዎች። ሠራተኞች። ከደህና ቤት የወጡ ልጆች። ፍርድ ቤት ከቀረቡት ብዙዎቹ ከዚያ በፊት የፖሊስ ጣቢያ ደጃፍ የረገጡ አልነበሩም። አናርኪስት ተብለው የተጠበቁት ሳይሆኑ፣ ቀኑን ሙሉ ማሊያቸውን ለብሰው ሲዘፍኑ የዋሉት ናቸው። ፖሊስም ኋላ የመጀመሪያ ንግግሩን ማለዘብ ግድ ሆነበት።

እኛ «ግርግር ለሌባ ይመቻል» እንላለን። ልክ ነው፣ ሌባ እንደሁ የትም አለ፣ ቫንኩቨርም ነበር። ግን ተረቱ ግማሹን ብቻ ነው የሚነግረን። ከቤቱ ሲወጣ ሌባ ያልነበረውን ሰው አያስረዳንም። ጠዋት እናቱን ስሞ የወጣ ልጅ ማታ ሽቶ ሱቅ መስታወት ውስጥ እጁን ሲከት፣ ምን ነካው?

ማርክ ግራኖቬተር የተባለ አሜሪካዊ የሶሺዮሎጂ ምሁር በ1978 ያስቀመጠው ሐሳብ አለ፣ ከሰማኋቸው ሁሉ ይህን ነገር በደንብ የሚያስረዳው እሱ ይመስለኛል። መቶ ሰው አደባባይ ላይ ቆሟል እንበል። አንደኛው ማንንም ሳይጠብቅ ድንጋይ የሚወረውር ነው። ሁለተኛው አንድ ሰው ሲወረውር ካየ ይወረውራል። ሦስተኛው ሁለት ሰው ካየ፣ አራተኛው ሦስት ካየ፣ እንዲህ እያለ መቶኛው ድረስ። መቶውም ይረብሻሉ ማለት ነው። አሁን ያንን ሁለተኛውን ሰው ብቻ አውጣና በምትኩ «ሁለት ሰው ካላየሁ አልነካም» የሚል ሰው አስገባ። ምን ይሆናል? አንድ ሰው አንድ ድንጋይ ወርውሮ ነገሩ እዚያው ይቀራል። ሁለቱ አደባባዮች ላይ የቆሙት ሰዎች ከአንዱ በስተቀር ያው ናቸው። ስለ መጀመሪያው ግን ዜናው «ወሮበሎች ከተማ አጋዩ» ይላል፣ ስለ ሁለተኛው ዜናም አይሠራ።

ስለዚህ «የኛ ልጆች ጨዋ ናቸው» ማለት ብዙም ትርጉም የለውም። ጨዋ ናቸው፣ አዎ። ሃያ ሰው እስኪያዩ ድረስ።

ሽንፈቱ ነው ያበዳቸው የሚልም አለ። እኔ አላምንም። ሽንፈት ሰበብ ነው። ይቺው ቫንኩቨር በ1994 በዚያው ዋንጫ ፍጻሜ ሰባተኛውን ጨዋታ ኒውዮርክ ላይ ተሸንፋ እንዲሁ ተረብሻለች፣ ይህን የሚያይ ሰው ሽንፈት ሲመጣ ብጥብጥ ይመጣል ይላል። ግን ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1993፣ እዚያው ካናዳ ሞንትሪያል ውስጥ ምን ሆነ? ቡድናቸው ይህንኑ ዋንጫ አሸንፎ ነው ደጋፊው የራሱን ከተማ የሰባበረው። በ2025 ፓሪስ ሴንት ዠርሜን የሻምፒዮንስ ሊግን ሲያነሳ ፈረንሳይ ውስጥ ሁለት ሰው ሞቷል፣ ከ500 በላይ ታስሯል። በደስታ! በተቃራኒው በ2010 የክረምቱ ኦሊምፒክ ሲዘጋ ቫንኩቨር ጎዳና ላይ ከአፍ እስከ ገደፉ ሰው ሞልቶ፣ ካናዳ አሜሪካን 3 ለ 2 አሸንፋ ወርቁን ስትወስድ፣ ሰዉ ተቃቅፎ ዘምሮ ወደ ቤቱ ገባ። ከተማዋ ያቺው፣ ጎዳናው ያው። ከዚያ በኋላማ ሹሞቹ ሳይታለሉ አልቀሩም፤ «ሕዝባችንን እናውቀዋለን» ብለው።

ሞስኮም በ2002 ተመሳሳይ ነገር አይታለች። ሩሲያ በዓለም ዋንጫ በጃፓን 1 ለ 0 ስትሸነፍ ክሬምሊን አጠገብ ማኔዥናያ አደባባይ ላይ ትልቅ ስክሪን ነበር፣ መጠጥ ነበር፣ በቂ ፖሊስ አልነበረም። መኪናዎች ነደዱ፣ ሰው ሞተ። ስክሪን፣ መጠጥ፣ ሺዎች በአንድ ቦታ፣ መውጫ የሌለው ጎዳና። ውጤቱ የሚጨምረው ክብሪቱን ብቻ ነው።

ሁሉን ደጋፊ ላይ መጫንም ግን ልክ አይደለም። በ2022 ኢንዶኔዥያ፣ ማላንግ ከተማ፣ አሬማ በሜዳው 3 ለ 2 ሲሸነፍ ደጋፊዎች ሜዳ ገቡ። ፖሊስ አስለቃሽ ጭስ ወደ መቀመጫው ተኮሰ፣ ሰዉ ወደ በሮቹ ሮጠ፣ በሮቹ ጠበቡት። 135 ሰው አለቀ። እዚያ ጥፋተኛ የሚባለው ሜዳ የገባው ልጅ ብቻ ቢሆን ግፍ ነው።

ወደ ቫንኩቨር ልመለስና ያስቀናኝን ልናገር። ክሱ ተጓተተ፣ ሰዉ ተማረረ። በዚያው ዓመት ነሐሴ ላይ ለንደን ስትረበሽ ፍርድ ቤቶቿ ሌሊቱን ሁሉ ሲሠሩ አድረው ነበርና «እነሱ በቀናት የፈረዱትን እናንተ በወራት አልከሰሳችሁም» ተብለው የቫንኩቨር ሰዎች ተወቀሱ። እነሱ ግን አንድ በአንድ ሄዱበት። ወደ 300 ሰው ተከሰሰ፣ ከ900 በላይ ክስ ቀረበ፣ 284ቱ ጥፋታቸውን አመኑ። አምስት ዓመት ገደማ ፈጀ፤ ዐቃቤ ሕግን ብቻ ወደ 5 ሚሊዮን ዶላር አስወጣው፣ ከደረሰው ኪሳራ በላይ ማለት ነው። የመኪና መድን ድርጅቱም ለብቻው በፍትሐ ብሔር ከሰሳቸው። ጅል ሒሳብ ይመስላል። ለኔ ግን እያንዳንዱ ሰው በስሙ ተጠርቶ «ይቺን መስታወት አንተ ነህ የሰበርካት» መባሉ ገንዘቡን ያወጣል።

አንድ የሚያሳፍር ነገርም አለ፣ እሱን ዘልዬ ማለፍ አልፈልግም። ፍርድ ቤቱ ሳይደርስ ፌስቡክ ደርሶ ነበር። ፎቶ እየለጠፉ፣ ስም እያወጡ፣ አሠሪው ዘንድ እየደወሉ፣ ቤተሰብ እያስፈራሩ። ገና ለአካለ መጠን ያልደረሱ ልጆች እንኳ ምሕረት አላገኙም። ያም ቢሆን ግርግር ነው፣ ድንጋዩ ብቻ ነው የተቀየረው። ሌላው ሲሰድብ ካየ የሚሰድብ ሰው፣ ከላይ ካልኳቸው መቶ ሰዎች በምን ይለያል?

ደግነቱ ሌላም ሰው ነበር። ገና በማለዳ መጥረጊያና ላስቲክ ከረጢት ይዞ፣ ማንም ሳይጠራው የመጣ። የተሰበሩት መስኮቶች በጣውላ ሲሸፈኑ ሰዉ እስክሪፕቶ አውጥቶ ጣውላው ላይ መጻፍ ጀመረ፤ ይቅርታ፣ እንወድሻለን፣ አፍረናል፣ እንዲህ እንዲህ። ቦታ እስኪጠፋ ተጻፈበት።

እኛስ? አዲስ አበባ ስታዲየም ካታንጋ ወይም ሚስማር ተራ ተቀምጦ የሚያውቅ ሰው ይህ ሁሉ አዲስ አይሆንበትም። ዘጠና ደቂቃ ሙሉ እንዴት ያለ ዜማ ይወርዳል መሰላችሁ፣ ያ ዜማ በአንድ የዳኛ ፊሽካ ወደ ስድብ ሲዞር፣ ከዚያ ሃይላንዱ መብረር ሲጀምር። መጀመሪያ አንድ። ዞር ብለህ ታያለህ። ከዚያ ሦስት። አጠገብህ ያለው፣ አሁን ቆሎ ሲያካፍልህ የነበረው ሰውዬ፣ እጁ ላይ ያለውን ጠርሙስ ያየዋል።

በማግስቱ የሚሆነውን ሁላችንም እናውቀዋለን። ክለቡ ያቺን ደብዳቤ ያወጣል። የዲሲፕሊን ኮሚቴ ክለቡን በብር ይቀጣል፣ ሲብስ ጨዋታው በዝግ ይሁን ወይም ገለልተኛ ሜዳ ይሂድ ይላል። ማን ተቀጣ? ቲኬት ቆርጦ ልጁን ይዞ የሚመጣው፣ ጠርሙስ ነክቶ የማያውቀው። የወረወረው ቤቱ ቁጭ ብሎ በቲቪ ያያል። ብሩን ደግሞ አብዛኛው ክለባችን በመንግሥት መሥሪያ ቤትና በከተማ በጀት ስለሚኖር ዞሮ ዞሮ ግብር ከፋዩ ነው የሚከፍለው።

ፌዴሬሽኑ አቅም የለውም ይባላል። ይሁን። ግን ስልክ የሌለው ተመልካች የለም፣ ቪዲዮውም ማታውኑ ቴሌግራም ላይ ይዞራል፣ ከየትኛው መደዳ ማን እንደወረወረም ያሳያል። የደጋፊ ማኅበሮቻችን አባሎቻቸውን በመታወቂያ ይመዘግባሉ፣ አስጨፋሪዎቹ እያንዳንዱን ፊት ያውቁታል። ለአዋይ ጨዋታ አውቶቡስ ሲሞላ እኮ ማን የት እንደተቀመጠ ሳይቀር ይታወቃል! ሲረበሽ ጊዜ ብቻ ነው ማንም ማንንም የማያውቀው። እናንተ ክለቦች፣ በሚቀጥለው ደብዳቤያችሁ ላይ «ደጋፊዎቻችን አይደሉም» የሚለውን ትታችሁ፣ የትኛው አባል ከማኅበሩ እንደታገደና ለስንት ጨዋታ ስታዲየም እንደማይገባ ጻፉልን።