የሰፈራችን የቆሻሻ ገንዳ ከሞላ ዛሬ 19ኛ ቀኑ ነው

ትናንት ጠዋት ልጄን ትምህርት ቤት ሳደርስ በገንዳው በኩል ማለፍ ስላልቻልን በላይኛው ቅያስ ዞረን ሄድን። ቀኑን የምቆጥረው እኔ ብቻ አይደለሁም፤ ከገንዳው ፊት ለፊት ጀበና ቡና የምታፈላው ጎረቤታችን መጨረሻ የተነሣበትን ቀን በከሰል ግድግዳዋ ላይ ጽፋዋለች። ደንበኞቿ ሽታውን መቋቋም አቅቷቸው አንድ በአንድ ቀርተውባታል፤ የተረፉትም አፍንጫቸውን በነጠላና በጋቢ ሸፍነው ይጠጣሉ።

ደሴን የሚያውቅ ሰው ነገሩ ክረምት ሲገባ ምን እንደሚመስል አይጠፋውም። ከተማችን በጦሳ ተራራ እግር ሥር ያለች ዳገትና ቁልቁለት በመሆኗ ከላይ የተጣለ ሁሉ መድረሻው ታች ነው። ማታ ዝናብ ሲጥል ከገንዳው የተትረፈረፈው ፌስታል፣ የጫት ገረባ፣ የድንች ልጣጭና የሕፃናት ዳይፐር በኮብልስቶኑ ላይ እየተንከባለለ ወርዶ ቦዩን ይደፍናል፤ ቦዩ ሲደፈን ጎርፉ ታች ያሉት ሰዎች ግቢ ይገባል፤ የቀረው ቦርከና ውስጥ ገብቶ ወደ ኮምቦልቻ ይወርዳል። በዚያ ወንዝ አትክልት የሚያጠጣ ገበሬ እኛ የጣልነውን ፌስታል ከመደቡ ላይ ሲለቅም ይውላል። ዘንድሮ ደግሞ የዓረፋ እርድ ትርፍራፊ ተጨመረበትና ውሾቹ ሌሊቱን ሙሉ እዚያው ያድራሉ፤ ለሱብሒ የሚወጡ አባቶች ዱላ ሳይዙ አያልፉም።

ስቶክሆልም የምትኖረው እኅቴ ይህንን ብነግራት ሐማርቢ ከሚባለው ሰፈር አጭር ቪዲዮ በቴሌግራም ላከችልኝ። ከሕንፃው ደጅ የቆመ ወፍራም ቱቦ አለ፤ ክዳኑን ከፍታ ቆሻሻዋን በፌስታሉ ጣለችና ዘጋችው። ፌስታሉ ቱቦው ውስጥ ተጠራቅሞ ይቆያል፤ ሰዓቱ ሲደርስ ወይም ቱቦው መሙላቱን መሣሪያው ሲያሳውቅ ከሥሩ ያለው መዝጊያ ይከፈታል። ከሰፈሩ ዳር ባለው ጣቢያ የሚሠሩ ትልልቅ ማራገቢያዎች አየሩን ስለሚስቡት ቆሻሻው ግማሽ ሜትር ያህል ስፋት ባለው የመሬት ውስጥ ቧንቧ በሰዓት 70 ኪሎ ሜትር ገደማ እየበረረ ጣቢያው ይደርሳል፤ እዚያ ከአየሩ ተለይቶ ኮንቴይነር ውስጥ ይታመቃል፤ አየሩም ተጣርቶ ይለቀቃል። መኪና የሚመጣው ጣቢያው ድረስ ብቻ ነው። አዲስ ነገር እንዳይመስላችሁ፤ የመጀመሪያው እ.ኤ.አ. በ1961 እዚያው ስዊድን ሶሌፍቴዮ በተባለ ከተማ ሆስፒታል ውስጥ የተተከለ ሲሆን፣ የኒው ዮርኩ ሩዝቬልት ደሴትም ከ1975 ጀምሮ በዚሁ ዘዴ ይጠቀማል።

ይህንን ቧንቧ ደሴ ላይ ቅበሩልን አልልም። ማራገቢያው ያለ መብራት አይሠራም፤ የእኛ ቆሻሻ ደግሞ አመድና አፈር የበዛበት፣ ከባድና እርጥብ ነው፤ ቁፋሮው ብቻ የሚበላውን ገንዘብም አስቡት። እንቅልፍ የነሣኝ ሌላ ነገር ነው። እዚያ ቱቦው ሲሞላ አንድ የሚያውቅ አለ፣ ያም ያወቀው ነገር መዝጊያውን ያስከፍታል። እዚህ ግን ገንዳው መሙላቱን ሰፈሩ በሙሉ እያወቀ፣ ማወቁ ሥራው የሆነ አንድ ሰው ጠፋ።

ገንዳውን የሚያስነሣው ቢሮ ሦስት ጊዜ ሄጃለሁ። መጀመሪያ መኪናው ጋራዥ ገብቷል ተባልኩ። ሁለተኛው ጊዜ «አብሽሩ፣ ከዓረፋ በፊት ይነሣል» አሉኝ፤ አምኜ ተመለስኩ፣ ለጎረቤቶቼም ነገርኩ፣ ዓረፋም አለፈ። በሦስተኛው የሚመለከታቸው ኃላፊ ስብሰባ ላይ ናቸው ተብዬ እስከ ስድስት ሰዓት በር ላይ ቆሜ ተመለስኩ። የጽዳት ክፍያዬን ግን አንድም ወር አላጓደልኩም።

በጋሪ የሚሰበስቡትን የማኅበር ልጆች እንዳትወቅሱብኝ። አብዛኞቹ ሴቶች ናቸው፤ ያለ ጓንት፣ ማዳበሪያውን በጋሪ ቆልለው ያንን ዳገት እየገፉ ይወጣሉ። ገንዳው ጋ ሲደርሱ ቦታ ስለሌለ ከሥሩ ከመደርደር በቀር ምን ያድርጉ? ይልቅ ጨለማን ተገን አድርጋችሁ ፌስታላችሁን ቦይ ውስጥ የምትወረውሩ ጎረቤቶቼ፣ ገንዳው ስለሞላ ነው የምትሉትን ምክንያት እረዳለሁ፤ ነገር ግን ጎርፉ የሚገባው ከእናንተው በታች ያለች፣ ልጆቿን ይዛ አልጋ ላይ የምታድር እናት ቤት ነው።

የምንጠይቀው ብዙ አይደለም። መኪናው የሚመጣበት ቀን ታውቆ በገንዳው ላይ በቀለም ይጻፍ፤ ከሥሩ የኃላፊው የስልክ ቁጥር ይቀመጥ፤ መኪናው ከተበላሸም በምን እንደሚተካ አስቀድሞ ይነገረን።

ዛሬ ከሰዓት ለአራተኛ ጊዜ እሄዳለሁ፤ የከፈልኩባቸውን ደረሰኞችም ይዣለሁ። አብሮኝ የሚሄድ የሰፈር ሰው ካለ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቡናው በር እጠብቃለሁ።