ከኩስተር ዘመን የተረፈው ጠመንጃ የማን ነው?

የክርክሩ ጥያቄ፦ አሜሪካ ወደ ምዕራብ ስትስፋፋ ወታደሮቿ የታጠቁትን ጠመንጃ ግለሰብ ገዝቶ ቢሰበስብ ተገቢ ነው? ደጋፊው አሜሪካ የሚኖሩ አንጋፋ ሰብሳቢ ናቸው። ተቃዋሚዋ የታሪክ መምህርት ናት። ዓመቶቹ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

ደጋፊ፦
እኔ የምሰበስበው የ1873ቱን ስፕሪንግፊልድ ነው። ከኋላ ያለውን ክዳን ብድግ ታደርጋለህ፣ አንዲት ጥይት ታጎርሳለህ፣ ዘግተህ ትተኩሳለህ። መልሰህ ስትከፍተው ቀለሁ ተስፈንጥሮ ይወጣል። ከወጣ ነው እንግዲህ! የዚያን ጊዜ ቀለህ ከመዳብ ነበር፤ መዳብ ደግሞ ለስላሳ ነው። ጠመንጃው ሲግል ቀለሁ ይጣበቃል፣ ወታደሩ በቢላ ይፈለቅቀዋል።

ጁን 25 ቀን 1876 ሞንታና ውስጥ ሊትል ቢግሆርን ላይ፣ ላኮታና ሼየን ከተባሉት የአገሩ ነባር ሕዝቦች ጋር ሲዋጉ፣ የአሜሪካ ሰባተኛ ፈረሰኛ መሪ የነበረው ኩስተርና አብረውት የነበሩት ሰዎች ያለቁት ጠመንጃው እየነከሰባቸው ነው ሲባል ኖሯል። በ1983 ሜዳው በእሳት ተቃጠለና አርኪዮሎጂስቶች በብረት መፈለጊያ አበጠሩት። የመፈልቀቅ ምልክት ያለበት ቀለህ ያገኙት ጥቂት ብቻ ነው። እያንዳንዱ ጠመንጃ ቀለሁ ላይ የራሱን አሻራ ይተዋል። በዚያ አሻራ አንድ ጠመንጃ ከየት ተነስቶ የት እንደደረሰ መከታተል ተቻለ። በግለሰብ እጅ ከቆዩት ጠመንጃዎችም አንዳንዶቹ ከሜዳው ቀለህ ጋር ገጥመዋል። ዘይት እየቀባ ያቆየ ሰው ባይኖር ከምን ጋር ይመሳከሩ ነበር?

በዚያው በ1876፣ ማርች ላይ፣ የአፄ ዮሐንስ ሠራዊት ጉራ ላይ ከግብጾች የማረከው ሬሚንግተንም የአሜሪካ ኩባንያ ሥራ ነው። ጉራ የዘመተው የግብጽ ጦር ኤታማዦር ሹም የነበረው ሎሪንግ ራሱ ቀድሞ በአሜሪካ ምዕራብ ያገለገለ መኮንን ነበር። አባቶቻችን ያን ጠመንጃ አልጣሉትም።

ተቃዋሚ፦
ጋሼ፣ ጉራን እርስዎ ባያነሱት እኔ አነሳው ነበር። አባቶቻችን ማረኩት እንጂ ከጨረታ አልገዙትም። ሊትል ቢግሆርን ላይም የማረኩ ነበሩ። ላኮታዎችና ሼየኖች የወደቁትን ወታደሮች መሣሪያ ለቅመው ወስደዋል። ከዚያስ? ሠራዊቱ መሣሪያቸውንም ፈረሳቸውንም ገፈፋቸው። ዲሴምበር 29 ቀን 1890 ደቡብ ዳኮታ ውስጥ ውንድድ ኒ ላይ ተኩሱ የተነሳው መሣሪያ ሲያስፈቷቸው ነው። ሴት ሕፃን ሳይለይ የፈጀውም ያው የኩስተር ሰባተኛ ፈረሰኛ ነው።

ገበያውን ደግሞ ይዩት። ያው ካርባይን፣ ፈረሰኛው የሚይዘው አጭሩ ጠመንጃ፣ «ኩስተር ጋ ነበረ» ከተባለ ዋጋው ሰማይ ይነካል። ዋጋውን የሰቀለው ደሙ ነው እንጂ ብረቱ አይደለም። ለዚህ ብለው ረጅሙን ጠመንጃ እየቆረጡ ካርባይን የሚያስመስሉ ሞልተዋል። በአሜሪካ የፌዴራል ሕግ ደግሞ እስከ 1898 የተሠራ ጠመንጃ እንደ ጥንታዊ ዕቃ ስለሚቆጠር ገዢው ማን እንደሆነ አይጣራም። ጥይቱ ግን ዛሬም ይመረታል።

ደጋፊ፦
የማጭበርበሩን ነገር ለእኛ ተይው ልጄ። ሰደፉ ላይ በግራ በኩል የተመታ፣ የፋብሪካው መርማሪ ስም መነሻ ፊደላትና ዓመቱ ያለበት ማኅተም አለ። «ኤስ ደብሊው ፒ 1884» የሚል ይዘው መጥተው ኩስተር ጋ ነበረ ካሉሽ ሳቂባቸው። ሰደፉ በኋላ ተቀይሮ ነው ካሉሽ ደግሞ፣ የቀረውስ አልተቀየረም ወይ በያቸው። ይህን ሁሉ ለቅሞ የመዘገበው በአብዛኛው ሰብሳቢው ነው። ደሙን አልክድም። ግን ብሸጠው የሚገዛው ሌላ ሰብሳቢ ነው፤ ምን ተለወጠ?

ተቃዋሚ፦
ይሽጡት መቼ አልኩ? ማሳቹሴትስ ውስጥ ባሬ የምትባል ከተማ ያለ ትንሽ የግል ሙዚየም በ2022 ወደ 150 የሚጠጉ ዕቃዎችን ለላኮታዎች መልሷል፤ ከውንድድ ኒ የመጡ የተባሉም ነበሩባቸው። መመለስ ይቻላል ማለት ነው። ለሁሉም ጠመንጃ አይደለም፣ ይገባኛል። ከሜዳው ቀለህ ጋር የገጠመው ግን ታሪኩ ይታወቃል። እስቲ መዝገባችሁን ይግለጡት ጋሼ። ቁጥሩ አለ፣ ማኅተሙ አለ፣ ክፍለ ጦሩ አለ። ከየትኛው ላኮታ እጅ እንደተነጠቀስ የጻፈ አለ?