ካርታው የታለ?

ፍራንክፈርት ውስጥ ጀርመን ወዳጅህ ቅዳሜ ማታ ቤቱ ከጠራህ፣ በልተህ ሂድ። እኔ ገና አዲስ ሳለሁ ተሸውጃለሁ። ግብዣ ነው ብዬ ምሳዬን ዘልዬ ሄድኩ። ጫማ ወለቀ። ውሃ መጣ። አንድ ጎድጓዳ ሳህን ኦቾሎኒ መጣ። ከዚያ ባለቤቱ ከመደርደሪያ ላይ ካርቶን አወረደና መመሪያ አውጥቶ ያነብልን ጀመር። ግማሽ ሰዓት ሙሉ ሕግ ሰማን። በመጨረሻ «ጥያቄ ያለው?» አለ። እኔ የነበረኝ ጥያቄ የእራት ስለሆነ ዋጥ አደረግኩት።

ጨዋታው ካርካሶን ይባላል። ስሙ ፈረንሳይ ውስጥ ካለች፣ በግንብ ከታጠረች ጥንታዊ ከተማ የመጣ ነው። የፈጠረው ክላውስ ዩርገን ቭሬደ የሚባል ጀርመናዊ ሲሆን ገበያ ላይ የዋለው እ.ኤ.አ. በ2000 ነው። 72 አራት ማዕዘን ካርቶኖች አሉት። በየተራህ አንድ ታነሳለህ። መንገድ ከመንገድ፣ ግንብ ከግንብ፣ ሜዳ ከሜዳ እያገጣጠምክ ጠረጴዛው ላይ ከተማ ትቆረቁራለህ። ከዚያ ከትናንሽ የእንጨት ሰዎችህ አንዱን ታሰፍርበታለህ። ከተማ ውስጥ ከቆመ ፈረሰኛ ነው፤ መንገድ ላይ ከቆመ ሽፍታ፤ ገዳም ላይ ከሆነ መነኩሴ። ሜዳ ላይ ያረፈው ገበሬ ይሆናል። እሱ እንደተጋደመ ይቀራል፤ ጨዋታው እስኪያልቅ አይነሳም። አንዴ የተቀመጠ ካርቶንም አይነሳም። ይቺን ያዙልኝ፣ እመለስባታለሁ።

እዚያ አገር የግንባታ ጨዋታ ማለቂያ የለውም። «የዓመቱ ጨዋታ» የሚባል ሽልማት አላቸው፤ እ.ኤ.አ. ከ1979 ጀምሮ ይሰጣል። ካርካሶን በ2001 ወስዶታል። ከዚያ በፊት በ1994 የወሰደው ማንሃተን ነው። ፎቅ በፎቅ ላይ ትከምራለህ፤ የላይኛውን ፎቅ የያዘ የሕንፃው ባለቤት ነው፣ ከሥር ማንም ይሥራው ማን። በ2003 የወሰደው አልሃምብራ ደግሞ አራት ዓይነት ገንዘብ አለው። ሳይተርፍ ሳይጎድል በልኩ ከከፈልክ ሌላ ተራ ይጨመርልሃል። ይህን ለአክስቴ ልጅ በስልክ ስነግረው «ዝርዝር የለም የሚል ሻጭ የለበትማ» አለኝ።

ለምን እንዲህ ይወዱታል ብዬ ሳስብ የመጣልኝ ጎረቤቴ ነው። ጓሮው ውስጥ የዕቃ ማስቀመጫ ዳስ ነገር ልሥራ ብሎ ተነሳ። ለዳስ! ደብዳቤ ጻፈ፣ ደብዳቤ መጣለት፣ የጎረቤት ፈቃድ አምጣ ተባለ፣ ሌላ ደብዳቤ ጻፈ። ዓመት አለፈ፣ ዳሱ የለም። ያው ሰውዬ ግን ቅዳሜ ማታ በአንድ ሰዓት ተኩል ውስጥ ቤተ መንግሥት ገንብቶ ይተኛል። ባይጫወት ነበር የሚገርመኝ።

ግን ነገሩ ይህ ብቻ አይመስለኝም። ፍራንክፈርት መሀል፣ በካቴድራሉና በማዘጋጃ ቤቱ መካከል፣ ማገሩ ከውጭ የሚታይ የድሮ ቤት የተደረደረበት ሰፈር አለ። ቱሪስቱ ፎቶ ይነሳበታል። ዕድሜው ግን ከብዙዎቹ የአዲስ አበባ ኮንዶሚኒየሞች ያንሳል። እውነተኛው አሮጌ ሰፈር እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1944 በቦምብ ነደደ። በ1970ዎቹ ቦታው ላይ የከተማው መሐንዲሶች የሚሠሩበት ግዙፍ የኮንክሪት ሕንፃ ተገተረ። ከዚያ ሐሳባቸውን ቀየሩ። ኮንክሪቱን አፈረሱና ከ2012 እስከ 2018 ባለው ጊዜ 35 ቤቶች ሠሩ፤ 15ቱ የተቃጠሉት ቤቶች ልክ ተወስዶ እንደገና የተሠሩ ናቸው። ከኛ ጋር የሚጫወት አንድ አዛውንት አለ፤ እናቱ እዚያ ሰፈር ነው ያደገችው። ካርቶኑን ሲገጥም እጁ ቀስ ይላል። ሌላው «ኧረ ቶሎ በል» ሲለው አይሰማም።

ባለፈው አዲስ አበባ ስገባ ሻንጣዬ ውስጥ ካርካሶንና ጄንጋ ነበሩ። ሽቶና ቸኮሌት ለጠበቀ ሰው ቅር እንደሚል አውቃለሁ።

ከቦሌ ወደ አራት ኪሎ ስንሄድ ሹፌሩን በካዛንቺስ አሳልፈኝ አልኩት። ስሙ ራሱ ከቤት ሥራ የመጣ ሰፈር ነው። ጣልያን ለመንግሥት ሠራተኞቹ ቤት የሚሠራ ኢንቺስ የሚባል ተቋም ነበረው። «ካዜ ኢንቺስ»፣ የኢንቺስ ቤቶች፣ ሲባል ሲባል ካዛንቺስ ሆኖ ቀረ። በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ በኮሪደር ልማት ፈረሰች፤ በ2017 መጀመሪያ ተራው የካዛንቺስ ሆነ። እውነት ለመናገር መንገዱ ያምራል። ሰፍቷል፣ መብራቱ ቦግ ብሏል፣ ማታ ማታ ሰው ልጁን ይዞ ይንሸራሸርበታል። እኔም ሌላ ቀን ተንሸራሽሬበታለሁ፣ ደስ ብሎኝ። ሹፌሩን «እዚህ ጋ ዳቦ ቤት ነበር» አልኩት። «የቱ ጋ?» አለኝ። ጣቴን ቀሰርኩና መልሼ አጠፍኩት። የቱ ጋ እንደሆነ ጠፋኝ። ስንት ዓመት ዳቦ የተላክሁበት ቤት!

አክስቴ የካዛንቺስ ሰው ናት። አሁን ገላን ነው የምትኖረው። እሁድ እሁድ ግን ግንፍሌ አካባቢ ያለው የልጇ ኮንዶሚኒየም ትመጣለች፣ አራተኛ ፎቅ፣ ሊፍት የለ ምን የለ፣ በየደርቡ እያረፈች። እኔም እዚያ ሄድኩ። ቡና ተፈላ። ረከቦቱ ወደ ጥግ ሲል ካርቶኔን አወጣሁ።

መመሪያውን ማንበብ ጀመርኩ። ሁለት ደቂቃ አልሞላኝም። የአክስቴ ልጅ «አንተ ዝም ብለህ ጀምረው፣ እየተጫወትን እንለምደዋለን» አለ። ጀመርን። አክስቴ ቀይ፣ እሱ ሰማያዊ፣ የ11 ዓመት ልጁ አረንጓዴ፣ እኔ ቢጫ። አክስቴ የመጀመሪያውን የግንብ ካርቶን አንስታ በመነጽሯ አገላበጠችው።

«ካርታው የታለ?»

«አክስቴ፣ ይሄ የካርታ ጨዋታ አይደለም» አልኳት።

«የቤቱን ነው እንጂ! ካርታ የሌለው ግንብ ምን ያደርግልኛል?»

ሳቅን። እሷ ግን አልሳቀችም። አማርኛችን የምትጫወትበትንም፣ አገር የምታይበትንም፣ ቤትህ ያንተ መሆኑን የምታስረዳበትንም ወረቀት ካርታ ብሎ ነው የሚጠራው። ጀርመኖቹም የምትጫወትበትንና አገር የምታይበትን «ካርተ» ይላሉ፤ ለቤቱ ወረቀት ግን ሌላ ቃል አላቸው። ፍራንክፈርት ስንት ቅዳሜ ስጫወት አንድም ሰው ይህን ጥያቄ አንስቶ አያውቅም፣ እኔንም ጨምሮ።

ጨዋታው ላይ አንድ ሕግ አለ። ሁለት ሰዎች ለየብቻ የጀመሩት ከተማ በኋላ ቢገጣጠም፣ እኩል ሰው ካላቸው ሁለቱም ሙሉ ነጥብ ያገኛሉ። ፍራንክፈርት ይህ የተንኮል ሕግ ነው። አንዱ የሌላውን ትልቅ ከተማ አይቶ ጠጋ ጠጋ ሲል ባለቤቱ ፊቱ ይቀላል። አክስቴ ሕጉን ስትሰማ ደስ አላት። «ታዲያ ለምን ለየብቻ እንሠራለን?» አለችና ከልጇ ጋር ኩታ ገጠም ሆነች። ቀጥላ እኔን ጠራችኝ። ገዳም ሲወጣላት ደግሞ ሳም አድርጋ ነው ያስቀመጠችው። ገዳም ዙሪያው በ8 ካርቶን ሲከበብ 9 ነጥብ ይሰጣል። ልጁ ወደዚያ አንድ ካርቶን እንኳ አላስጠጋም አላት፤ እሷም አልከፋትም፣ «ጸጥ ያለ ገዳም ነው» አለች።

መሀል ላይ ለመንሸራሸሪያ ያህል ጄንጋውን አወጣሁት። 54 እንጨት፣ ሦስት ሦስት እየሆነ 18 ደርብ። ስሙ የኛው ምሥራቅ አፍሪካ ነው፤ በስዋሂሊ «ገንባ» ማለት ነው። ሌስሊ ስኮት የምትባል ታንጋኒካ የተወለደች እንግሊዛዊት እ.ኤ.አ. በ1983 ለንደን ላይ ለገበያ አቀረበችው። የአክስቴ ልጅ ፎርማን ነው። እንጨቶቹን ደረደራቸው፣ ጎንበስ ብሎ በአንድ ዓይኑ አየ፣ ከዚያ ስልኩን አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አጋደመ። ለካ ስልኩ ላይ ውሃ ልክ አለው። አረፋዋ ወደ በሩ ሸሸች።

«ጠረጴዛው ዘሟል» አልኩት።

ስልኩን ወለሉ ላይ አስቀመጠው። አረፋዋ ያው ወደ በሩ። «ጠረጴዛውስ ደህና ነው» አለ። ከዚያ ፈጠን ብሎ «እኔ አይደለሁም የሠራሁት» ሲል ጨመረ።

እንዴት እንደሚጫወቱት አስረዳሁት። ከሥር እንጨት ትመዛለህ፣ ከላይ ትደረድራለህ፣ ያፈረሰው ይሸነፋል። እጁን አጣጥፎ ተቀመጠ።

«ከሥር አውጥተህ ከላይ ትጨምራለህ?»

«አዎ።»

«ይሄ ጨዋታ አይደለም፣ ወንጀል ነው። ከሥር ፌሮ ቀንሶ ከላይ ፎቅ የሚጨምር ሰው አውቃለሁ። ስድስት ቀን ሙሉ እንዳይፈርስ ስጮህ ከርሜ፣ እሁድ ለማፍረስ ልቀመጥ?» አንድም እንጨት ሳይነካ ቀረ። እኔና ልጁ ነን የተጫወትነው። እንጨቱ ሲንኮታኮት ፎርማኑ ዓይኑን ጨፈነ።

ወደ ካርካሶን ተመለስን። ከተማችን፣ የሦስታችን፣ ጠረጴዛውን አጋምሶታል። ልጁ ብቻውን ነው፤ መንገዱ በሙሉ ዞሮ ዞሮ የኛ ግንብ ላይ ይቆማል። ቀጥ ያለ መንገድ ያለበት ካርቶን ወጣለት። የሚገባበት ቦታ የለም። ትንሽ አሰበና «ኮሪደር!» አለ።

«ምን?»

«መንገዱ እዚህ ጋ ነው የሚያልፈው። የሚያልፍበት ላይ ያለው ይነሳል። ግን ምትክ ይሰጣችኋል።»

እኔ መመሪያውን አነሳሁ። አንዴ የተቀመጠ ካርቶን እንደማይነሳ ገጹን ገልጬ አሳየሁት። ገጽ ስገልጥ እጄን አየሁት። ያ ኦቾሎኒ ያቀረበልኝን ሰውዬ ሆኛለሁ። ልጁ በትዕግሥት ጠበቀኝና «ምትክ ይሰጣችኋል አልኩህ እኮ» አለ። አባቱ ዝም ብሎ አያቱን አየ። እሷ «ይሥራ» አለች።

አምስት ካርቶን አነሳ። መንገዱ ገባ፣ ቀጥ ብሎ፣ እውነትም አማረበት። ከዚያ አንድ የግንብ ካርቶን መረጠና ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ፣ ከፈንዲሻው ሳህን አጠገብ አኖረው። የአክስቴን ቀይ ሰው አንስቶ እሱ ላይ አቆመላት። የኔን ቢጫና የአባቱን ሰማያዊ «እናንተ ሌላ ቦታ ይደርሳችኋል» ብሎ ወደ ሌላው ጠርዝ ገፋ አደረጋቸው።

አክስቴ መነጽሯን አስተካከለች። እጇን ዘርግታ ቢጫውን ለቀመችው። ሰማያዊውንም ለቀመችው። ሁለቱንም አምጥታ ከቀዩ አጠገብ አቆመቻቸው፣ ካርቶኑ ጠባብ ስለሆነ አንዱ ሊወድቅ ነበር፤ ደገፍ አድርጋ አስተካከለችው።

«እማማ፣ እንደዚህ ከሆነ ነጥብ የለውም» አላት ልጁ።

«ነጥብ ማን ጠየቀህ? ዕድርተኛ ነን። በል፣ ተራው የማን ነው?»