ከተማው ብር ሲያጥረው ማንን ይጠይቃል?

የምኖርባት የአሜሪካዋ ከተማ ሲያትል ብር ሲያጥራት ፖስታ ትልካለች። ውስጡ የምርጫ ወረቀት ነው። «ለቤተ መጻሕፍት፣ ለሰባት ዓመት፣ ይህን ያህል ሚሊዮን ዶላር ከንብረት ግብር እንሰብስብ ወይስ ይቅር?» ይላል ባጭሩ። ሞልተህ ሰፈርህ ያለው የድምፅ ሳጥን ውስጥ ትከተዋለህ። አለቀ።

መጀመሪያ ላይ ግራ ያጋባል። እኛ ኢትዮጵያውያን ግብር ሲተመንብን እንጂ ስንጠየቅ አላየንም። ደግነት እንዳይመስላችሁ ግን፣ ሕግ አስሯቸው ነው። ሲያትል ያለችበት የዋሽንግተን ስቴት ከደመወዛችን ላይ የገቢ ግብር አይቆርጥም። የንብረት ግብሩም ልጓም አለው። አንድ ከተማ ከነባር ቤቶች የሚሰበስበው ጠቅላላ ገቢ ያለ ሕዝብ ድምፅ በዓመት ከ1 በመቶ በላይ ማደግ አይችልም። የአስፋልቱ፣ የነዳጁ፣ የሠራተኛው ወጪ ደግሞ 1 በመቶ ብሎ አይቆምም። ጉድለቱ ሲሰፋ ወይ አገልግሎት ይቆረጣል፣ ወይ ሕዝቡ ይለመናል።

ቤተ መጻሕፍቱ ሁለቱንም ቀምሷል። ከ2009 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በነበሩት የኢኮኖሚ ቀውስ ዓመታት፣ በዓመት አንድ ሳምንት ሁሉም ቅርንጫፎች ተዘግተው ሠራተኞቹ ያለ ክፍያ ቤታቸው ይውሉ ነበር። በ2012 ሕዝቡ 122 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ፈቀደ። በ2019 ደግሞ 219 ሚሊዮን። በዚያው መጽሐፍ ላዘገየ የሚጣለው ቅጣትም ቀረ፤ ልጅ ያላችሁ ታውቁታላችሁ።

የአውቶቡሱ ታሪክ የበለጠ ይገርማል። በኤፕሪል 2014 ሲያትልንና ዙሪያዋን የሚያስተዳድረው የኪንግ ካውንቲ ሕዝብ ለአውቶቡስና ለመንገድ ጨምር ሲባል «አይ» አለ። «መስመር ይሰረዛል» የሚለውን ማስፈራሪያ ነው ያለም ነበር። ሴፕቴምበር ላይ መስመሮች የምር ተሰረዙ። ኖቬምበር ላይ ሲያትል ለብቻዋ ድምፅ ሰጠች። በመኪና 60 ዶላርና ትንሽ የሽያጭ ታክስ ጨምራ ከካውንቲው ተጨማሪ የአውቶቡስ አገልግሎት ሰዓት ገዛች። የተገዛው በዋናነት ለሲያትል መስመሮች ነው። የቤት ኪራይ ገፍቶት ወደ ደቡብ፣ ወደ ከንትና ተክዊላ የወረደው የኛ ሰው ከዚያ ግዢ ብዙም አልደረሰውም።

ይህን ሳይ ትዝ የሚለኝ የአገር ቤቱ ኮብልስቶን ነው። የሰፈር ኮሚቴ ይቋቋማል፣ በየቤቱ ይዞራል፣ ነዋሪው ድርሻውን ያዋጣል፣ ከተማው ይጨምርበታል። ማዋጣት የቻለ ሰፈር ድንጋዩን ቀድሞ ያነጥፋል፤ ያልቻለው ክረምት በመጣ ቁጥር ጭቃ ይረግጣል። ፈቃደኛ ከፋይ ላይ የቆመ አገልግሎት እዚህም እዚያም መጀመሪያ የሚደርሰው ላለው ነው። ይህን የሲያትል ወዳጆቼ መስማት አይወዱም።

«የኛ ሕዝብ መክፈል አይወድም» የሚሉትን ግን አልሰማቸውም። ዕድሩን በየወሩ ማን ነው የሚከፍለው? ዕድር ላይ ሰው ገንዘቡ የት እንደሚውል ያውቃል፣ ሒሳቡ ካልጣመውም ተነስቶ ይጮኻል። አዲስ አበባ በ2015 ዓ.ም. ለአሥርተ ዓመታት ያልተነካውን የጣሪያና ግድግዳ ግብር ስታሳድግ እህቴን በስልክ «ምን ሊሠሩበት ነው?» አልኳት። «እኔን ነው የምትጠይቀው?» አለችኝ። የቆሻሻ ክፍያውን ግን ከውኃ ቢሉ ጋር ስትከፍል አትነጫነጭም። ቆሻሻው ካልተነሳ የትኞቹን የማኅበር ልጆች እንደምትቆጣ ታውቃለቻ።

ሲያትልንም አላሞግስም። ፓርክ፣ ቤተ መጻሕፍት፣ አምቡላንስ ሲባል ሰው አዎ ለማለት ይሽቀዳደማል። ለውኃ መውረጃ ቱቦ ቲሸርት ለብሶ የሚቀሰቅስ ግን አላየሁም። የሽያጭ ታክሱ ከ10 በመቶ በላይ ነው። ምግብ ከሱቅ ሲገዛ አይነካውም እንጂ ጫማ ላይ የታክሲ ነጂውና የሶፍትዌር መሐንዲሱ እኩል ይከፍላሉ። የሚፈቀደው ሁሉ በላይ በላዩ ተደራርቦ የቤት ባለቤቱ ቢል ላይ ያርፋል፤ ተከራዩም በኪራይ ውስጥ ይከፍለዋል። ከብዙ ዓመት በፊት ቤት የገዙ፣ አሁን በጡረታ የሚኖሩ እናቶቻችን ሲጨነቁ አያለሁ። ዕድሜያቸው 61 የሞላና ገቢያቸው ዝቅተኛ የሆነ ማመልከቻ ሞልተው የንብረት ግብር ቅናሽ ያገኛሉ። የሚነግራቸው ሰው ሲጠፋ ዝም ብለው ይከፍላሉ። ቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ውስጥ ፎርሙን የሚሞላላቸው ወጣት ቢቆም ስንቱ በተቃለለ። የግብሩን መብዛት በየቡናው እናማርራለን፤ የምርጫ ወረቀቱ ሲመጣ ደግሞ ጠረጴዛ ላይ ቀኑ ያልፍበታል።

አገር ቤት በ2017 ዓ.ም. የንብረት ታክስ አዋጅ ጸድቋል። ሰብሳቢዎቹ ከተሞቹ ናቸው። መሬት ላይ ሲወርድ የሲያትልን ምርጫ ይቅዱ አልልም። ከወረቀቷ ግን ሦስት መስመር ቢወስዱ እመኛለሁ፦ ለምን ሥራ፣ ስንት ብር፣ እስከ መቼ። ዓመቱ ሲያልቅ ደግሞ የተሠራውንና የቀረውን በየወረዳው በር ላይ ይለጥፉ። እህቴ ሄዳ ታነበዋለች። ከዚያ ምን እንደምትላቸው እኔ አላውቅም፣ ግን ዝም እንደማትል አውቃለሁ።