ዋቢ ጥራ

ካልዲን ገደልክ ተብዬ ከተወቀስኩ ሁለት ዓመት ሊሆነኝ ነው። ወቃሼ የአንድ ተማሪ እናት ናቸው። ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ጠበል ጸዲቅ ስንቀምስ አገኙኝና፣ «አንተ ነህ አይደል ለልጄ ቡና የኛ አይደለም ብለህ ያስተማርከው?» አሉኝ። እንዲያ አላልኩም። ግን ወሬው ከየት ተነስቶ እሳቸው ጋ እንደደረሰ ገብቶኛልና ሳቄን ዋጥ አድርጌ ጸበሉን ጠጣሁ።

ሜሪላንድ ውስጥ ባለ አንድ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ፣ በሳምንት ሦስት ማታ፣ ከዋናው ሥራዬ በኋላ ተማሪ አግዛለሁ። አንደኛ ዓመቶች የጻፉትን ይዘው ይመጣሉ፤ ጎን ለጎን ቁጭ ብለን እናነባለን። እስክሪብቶ አንስቶ ማረም አይፈቀድልንም። ሥራችን መጠየቅ ነው። «እዚህ ጋ ምን ለማለት ፈልገህ ነው?» «ይሄን ከየት አመጣሽው?» በቃ። መጀመሪያ የገባሁ ሰሞን፣ ዝም ብሎ ለሚጠይቅ ሰው ደሞዝ የሚከፍል አገር አሁን ገና አየሁ ብዬ ነበር።

ልጁ ያኔ ከቤተሰቡ ጋር በዲቪ ከመጣ ሁለት ዓመቱ ነበር፤ ዕድሜው ዐሥራ ዘጠኝ። ለመጀመሪያ ዓመት የእንግሊዝኛ ኮርስ ስምንት ገጽ ጥናታዊ ጽሑፍ ታዟል። ርዕሱ ቡና። የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር «ቡናን በ850 ዓ.ም. ያገኘው ካልዲ የተባለ ኢትዮጵያዊ ፍየል ጠባቂ ነው» ይላል። ዕድሜዬን ሙሉ የማውቀው ታሪክ ስለሆነ ላልፈው ነበር። ሥራዬ ትዝ አለኝና፣ «ይሄን ማን ጻፈው?» አልኩት።

«ሁሉም ቦታ አለ ጋሼ።»

እውነቱን ነው። አምስት ድረ ገጽ ከፍቶ አሳየኝ፤ አምስቱም አንድ ዓይነት። ፍየሎቹ ቀዩን ፍሬ በሉ፣ ዘለሉ፣ መነኩሴው ፍሬውን እሳት ውስጥ ጣለው፣ መዓዛው ገዳሙን ሞላው። ቃላቱ ሳይቀሩ አንድ ናቸው። ልጁ አምስት ምስክር ያቆመ መስሎታል። እኔ የታየኝ አንድ ምስክር አምስት ጋቢ እየቀያየረ ሲገባ ነው።

«ዋቢ ምን ማለት ነው?» አልኩት።

«ሪፈረንስ።»

«ከዚያ በፊትስ?»

አያውቅም። እኔም ብሆን ከአባቴ ሰምቼ እንጂ ትምህርት ቤት የነገረኝ የለም። ዋቢ ዋስ ነው። በበላ ልበልሃው ዘመን ተሟጋች ዳኛ ፊት ቆሞ «ዋቢ ጥራ» ይባላል፤ ያ ሰው ነገ ሲፈለግ የሚገኝ፣ ቃሉ የሚያዝ፣ አገር የሚያውቀው መሆን አለበት። መጽሐፍ ጀርባ ላይ «ዋቢ መጻሕፍት» የምንለው ከዚያው የመጣ ነው። «አንተ ቤቱን የማታውቀውን ሰው ዋስ ትጠራለህ?» አልኩት። ፈገግ አለ። ሪፈረንስ ማለት መጨረሻ ገጽ ላይ ነጥብ እንዳይቀነስ የሚደረደር ነገር ይመስለው ነበር።

ከዚያ ወደ ላይብረሪያኗ ሄድን። እዚህ አገር ላይብረሪያን መጽሐፍ አውጥቶ የሚሰጥና «ድምፅ ቀንሱ» የሚል ሰው ብቻ አይደለም፤ ክፍል ገብቶ ያስተምራል። ሴትዮዋ መጀመሪያ ያደረገችው ነገር ከድረ ገጹ መውጣት ነው። ገጹን ላይ ታች እያልክ አትመርምረው፣ ውጣና ሌላው ስለ እሱ ምን እንደሚል እይ አለችው። ይሄ የእሷ ፈጠራ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2017 የስታንፎርድ ተመራማሪዎች 45 ሰዎች ሰብስበው ነበር፤ የታሪክ ዶክተሮች፣ የስታንፎርድ ተማሪዎችና መረጃ ማጣራት እንጀራቸው የሆነ ሰዎች። ሁሉንም የማያውቁት ድረ ገጽ ፊት አስቀመጧቸው። ዶክተሮቹና ተማሪዎቹ በሚያምር አርማና በከባድ ስም ሲታለሉ፣ አጣሪዎቹ ገጹን ሳያነቡት ነበር የወጡት። ሌላ መስኮት ከፍተው ባለቤቱ ማን እንደሆነ፣ ገንዘቡን ማን እንደሚሰጠው ጠየቁ። እንደ አገር ቤት የጋብቻ ጥየቃ ነው፤ ልጁን ፊት ለፊት አይተህ አትጨርስም፣ ጎረቤት ታጠያይቃለህ።

ልጁ ሁለት ሳምንት አጠያየቀ። ካልዲን ተከትሎ ወደ ኋላ፣ ወደ ኋላ ሄደና ሮም ደረሰ። እረኛውና መነኮሳቱ በጽሑፍ የተገኙት እ.ኤ.አ. በ1671 ፋውስቶ ናይሮኒ የተባለ የማሮናዊት ቤተ ክርስቲያን (መቀመጫዋ ሊባኖስ ነው) ምሁር ሮም ላይ በላቲን ባሳተመው መጽሐፍ ነው። ልጁ እጀምርበታለሁ ካለው 850 ስምንት መቶ ዓመት ዘግይቶ። ካልዲ የሚል ስም የለበትም። እንስሶቹ እንኳ ፍየል ይሁኑ ግመል አልለየላቸውም።

ማታ ፊቱ ጠቁሮ መጣ። «ጋሼ፣ ታዲያ ቡና የኛ አይደለም ልበል?»

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ነገሩ ያለው እዚህ ነው። ልጁ ጥያቄ መጠየቅና አገር መካድ አንድ መስሎታል። እኔም በእሱ ዕድሜ ብሆን እንደዚያው ነበር የማስበው። ቡና የኛ መሆኑን ያወቅነው በካልዲ ከሆነ፣ ካልዲ ሲወድቅ ቡናውም አብሮ መውደቁ ነው። ግን አረቢካ ቡና ጫካ ውስጥ በራሱ በቅሎ በዋናነት የሚገኘው ደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ነው፤ የዘረ መል ጥናቱም የሚያመራው ወደዚያው ነው። ከፋና ያዩ እ.ኤ.አ. በ2010 የዩኔስኮ ባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ የሆኑት ለዚሁ ጫካ ነው። ይሄ ሁሉ ዋስ እያለ የማይታወቅ እረኛ ለምን እንጠራለን? ልጁ ጽሑፉን አፍርሶ ጻፈው። አዲሱ ርዕስ «ካልዲ ለምን አስፈለገን?» የሚል ሆነ። መምህሩ ረቂቁን ሁለቴ መልሶለታል፤ ሁለቴም ዳርና ዳሩ በጥያቄ ተሞልቶ። እቤት ሄዶ ያገኘውን በደስታ ሲያወራ ነው እንግዲህ እናቱ «አሜሪካ ያመጣሁህ ይሄን ልትማር ነው?» ያሉትና እኔ የካልዲ ገዳይ የሆንኩት።

ይሄን ስጽፍ አሜሪካኖቹን ጠያቂ፣ እኛን ተቀባይ አድርጌ እንዳይታይብኝ። ያ የዲያስፖራ ሰው ወግ ነው፤ እኛ እዚህ ዋትስአፕ ላይ ማን እንደጻፈው የማይታወቅ ነገር ለሁለት መቶ የማኅበር አባል እየላክን «የአገር ቤት ሰው ያየውን ሁሉ ያምናል» እንላለን። የስታንፎርዶቹ ሰዎች እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጡት ሌላ ጥናት 3,446 የአሜሪካ ሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችን ፈትነው ነበር። አንዱ ጥያቄ የምርጫ ኮሮጆ ሲሞላ የሚያሳይ ድብዝዝ ያለ ቪዲዮ ነው። 52 በመቶዎቹ አሜሪካ ውስጥ ምርጫ ለመጭበርበሩ ጠንካራ ማስረጃ ነው አሉ። ቪዲዮው የተቀረጸው ሩሲያ ነው። እነዚያ ልጆች ናቸው ሁለት ዓመት ቆይተው እኔ ጋ የሚመጡት። አሁን ደግሞ ቻትጂፒቲ የፈጠረላቸውን፣ ደራሲውም ጆርናሉም በምድር ላይ የሌለ ዋቢ ይዘው ይመጣሉ። አፍረውም አይደለም። ልዩነቱ ክፍል ውስጥ ሃያ ሁለት መሆናቸውና የጻፉትን አንብቦ «ከየት አመጣኸው?» የሚል ሰው መኖሩ ነው። (ያ ሰው አብዛኛውን ጊዜ በኮርስ የሚከፈለው፣ ሦስት ኮሌጅ እየተሯሯጠ የሚያስተምር ምስኪን ነው። የሱ ነገር ሌላ ቀን።)

በ2017 ዓ.ም. ለፋሲካ አገር ቤት ገባሁ። የእህቴ ልጅ ፍሬሽማን ናት። በ2016 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 5.4 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ እሷ ከነዚያ አንዷ። ቀርቶ የነበረው የፍሬሽማን ዓመት በ2012 ዓ.ም. ሲመለስ ሎጂክ ኤንድ ክሪቲካል ቲንኪንግ የሚባል ኮርስ ይዞ ነው የመጣው፤ የተፈጥሮ ሳይንስም የማኅበራዊ ሳይንስም ተማሪ ይወስደዋል። ይሄን ስሰማ ቀናሁ። እኛ ኮሌጅ በዚህ ስም የሚጠራ የግድ ኮርስ የለም።

ሞጁሉን ስልኳ ላይ አሳየችኝ፤ ከቴሌግራም የወረደ ፒዲኤፍ ነው። ጥሩ መጽሐፍ ነው፣ አልዋሽም። ስለ ፍልስፍና ይጀምራል፤ መከራከሪያ ምን እንደሆነ፣ ቃል እንዴት እንደሚያሳስት ይሄድና ፋላሲዎቹ፣ ማለትም የተሳሳቱ የክርክር ዓይነቶቹ ጋ ይደርሳል። ግማሹ ቢጫ ተቀብቷል።

«አድ ሆሚነም ምንድነው?» አልኳት።

ትንፋሽ ሳትወስድ በእንግሊዝኛ ለቀቀችው። ነጠላ ሰረዙ ሳይቀር የሞጁሉ ነው።

«እሺ፣ ምሳሌ ስጪኝ።»

«ሞጁሉ ላይ ያለውን?»

«አይ፣ ከራስሽ። ከሰፈር፣ ከዶርም።»

ዝም አለች። ሰነፍ ሆና አይደለም፤ ማንም ጠይቋት አያውቅም። ሴክሽኗ ሰባ ስድስት ተማሪ ነው። መምህሩ የሰባ ስድስት ልጅ ጽሑፍ ሦስት ጊዜ እያነበበ ይመልስ ቢባል ሌሊቱም አይበቃው። እሷም ብትሆን ከስምንተኛ ክፍል ሚኒስትሪ ጀምሮ እስከ ዩኒቨርሲቲ በር ያደረሳት ፊደል ማጥቆር ነው፤ በ2015 ዓ.ም. የተጀመረው የመውጫ ፈተናም ያው ምርጫ ነው። በማጥቆር ከመቶ አምስቱ ውስጥ የገባች ልጅ የሠራላትን መንገድ ለምን ትተወዋለች? በዚያ ላይ ሁሉ ነገር በእንግሊዝኛ። አድ ሆሚነምን «ነገሩን ትቶ ሰውየውን» ብላት ኖሮ ከሰፈር ዐሥር ምሳሌ ታመጣልኝ ነበር ብዬ ጠረጠርኩ።

ባህላችን መጠየቅን አይወድም የሚሉ አሉ። እኔ ያን ያህል አላምንበትም። አባቴ ልጅ ሳለ ቅኔ ቤት ገብቶ ነበር። ዜማ ቤት እንደተሰጠህ ትቀጽላለህ፤ ቅኔ ቤት ግን የትናንቱን ይዘህ አትመጣም። ከሁለቷ የጉባኤ ቃና ስንኝ ጀምረህ እስከ ስምንቱ መወድስ ድረስ በየቀኑ አዲስ ትቆጥራለህ፤ ማታ የኔታ ፊት ቆመህ ትናገራለህ፤ የኔታ ያዳምጣል፣ ያርማል፣ ይመልስሃል። ሙያው ቢያንስብህ ሰሙ ቢጎድልብህ «ሂድና ቁጠር» ነው። ያ የኮሌጃችን መምህር በኮምፒዩተር የሚያደርገውን የኔታ ያለ ወረቀት ያደርገዋል። አንድምታውስ ቢሆን «አንድም» እያለ ለአንድ ጥቅስ ሦስት አራት ፍቺ የሚያቀርበው ለማን ነው? አባቴ ግን ተማሪ ቤቱን ሲያወራ ስለ ቅኔው ሳይሆን ስለ ውሻና ስለ ቁራሽ ነበር የሚያወራው፤ ይሄም መባል አለበት።

የፋሲካ ዕለት ምሳ በልተን ቡና ተፈላ። የእህቴ ባል ሁለተኛውን ስኒ ይዞ፣ ሎሚ በሙቅ ውሃ አድርጎ በባዶ ሆድ የሚጠጣ ሰው ስኳር በሽታው ሙሉ በሙሉ እንደሚነቀል አስረዳን። በመድኃኒት ላይ ያለችው እህቱ አጠገቡ ተቀምጣ እያዳመጠችው ነው።

«አባዬ፣ ማነው ያለው?» አለች ፍሬሽማኗ።

«ዶክተር ነው ያለው። ቲክቶክ ላይ።»

«የምን ዶክተር?»

ቤቱ ጸጥ አለ። እሱም ስኒውን አስቀመጠና፣ «የምን ዶክተር? እሺ፤ ነገ የላፕቶፕ ብር ስትይኝ እኔም የምን ላፕቶፕ እልሻለሁ!» አለ። ሁሉም ሳቀ፤ እሱም ሳቀ፤ ወሬው ወደ ዶላር ምንዛሪ ዞረ።

ልጅቷ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለችና በሹክሹክታ፣ «ጋሽዬ፣ አፒል ቱ ፎርስ» አለችኝ። በማስረጃ ሳይሆን በማስፈራራት መርታት ማለቷ ነው።

«በይ ይሄን ጻፊው!» አልኳት።

«የት ላይ? ፈተናው እኮ ምርጫ ነው።»