እርማት፦ ሼር ፎልደር በስም አልከፈት ቢል ኤስኤምቢ 1ን አታብሩ

ወንድሜ፣ «የቢሮ ሼር ፎልደር በኮምፒውተሩ ስም አልከፈት ካለ ኤስኤምቢ 1ን ማብራት ነው» ብለህ ለእህታችን የመለስክላት ልክ አይደለም። ኤስኤምቢ ዊንዶውስ ፎልደርና ፕሪንተር በኔትወርክ የሚያጋራበት ደንብ ነው፤ ኤስኤምቢ 1 የድሮው ስሪቱ ነው። ብዙ ቴክኒሻን የሚለው ነው፤ ግን ጉዳት ያመጣል።

ስምን ወደ አይፒ አድራሻ (የማሽኑ የኔትወርክ ቁጥር) መቀየር የኤስኤምቢ ሥራ አይደለም። ኮምፒውተሯ ለምሳሌ «ሂሳብ1» የሚባለውን ማሽን ስትፈልግ ዲኤንኤስን (ስምን ወደ አይፒ የሚተረጉመውን አገልግሎት) ትጠይቃለች፤ ካጣች በአካባቢው ኔትወርክ ላይ «ሂሳብ1 ማነው?» ብላ ትጣራለች። ይህ ጥሪ ራውተር አይሻገርም። አንደኛ ፎቅ ላይ የሚሠራው ስም፣ በሌላ ሰብኔት (በራውተር በተለየ የኔትወርክ ክፍል) ላይ ያለው ሦስተኛ ፎቅ ሲደርስ የሚጠፋው ለዚህ ነው።

መለየቱ ቀላል ነው። በፋይል ኤክስፕሎረር አድራሻ ቦታ ላይ \\192.168.1.20 ብላ የማሽኑን አይፒ ትጻፍ። ከተከፈተ ፎልደሩም የተጋራው ፕሪንተርም ደህና ናቸው፤ የጠፋው ስሙ ነው። ያኔ የዲኤንኤስ ቅንብሯን ትመልከት። የጉግል ዲኤንኤስ የሆነው 8.8.8.8 ተሞልቶ ከሆነ፣ ጉግል የቢሯቸውን ኮምፒውተር ስም ከየት ያውቀዋል? የቢሮው ዲኤንኤስ ሰርቨር ይግባበት።

የተሳሳተው ምክር መነሻ አለው። በፋይል ኤክስፕሎረር «ኔትወርክ» ሥር የኮምፒውተሮችን ስም የሚያሳየው የድሮው ዝርዝር በእርግጥ ከኤስኤምቢ 1 ጋር የተያያዘ ነበር። ዛሬ ለዝርዝሩ የሚያስፈልገው፣ ፎልደሩን በሚያጋራው ማሽን ላይ «ፈንክሽን ዲስከቨሪ ሪሶርስ ፐብሊኬሽን» የሚባለውን ሰርቪስ ማስነሳት ነው። ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቀው ዋናክራይ የተባለ ቫይረስ በ2017 እ.ኤ.አ. ከማሽን ማሽን የተዛመተው በኤስኤምቢ 1 ቀዳዳ ነበርና፣ ካበራችው እባክህ ዛሬውኑ እንድታጠፋው ንገራት።